ገጸ ባህሪ በአፉ የማይለውን በሙዚቃ መናገር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ አጭር ፊልም ዝርዝር መመሪያ

ፊልም ላይ ሙዚቃ ከሚሸከማቸው ሥራዎች ከባዱ፣ ገጸ ባህሪው ማን እንደሆነና ምን እንደሚመኝ እሱ ራሱ ሳይናገር ለተመልካች ማሳወቅ ነው። ስሜት መቀስቀስ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ስታለቅስ ከሥሯ ረዘም ያለ የኪቦርድ ድምፅ መዘርጋት ማንም ይችላል። ተመልካቹ ግን ማልቀሷን በዓይኑ አይቷል፤ ሙዚቃው ያየውን ደገመለት እንጂ የጨመረለት ነገር የለም። እዚህ የምናሳየው ሙዚቃው ተዋናይዋ ፊት ላይ የሌለውን ነገር እንዲይዝ የሚደረግበትን መንገድ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የ12 ደቂቃ ፊልም በምሳሌነት እንያዝ። ዘሀራ 23 ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ቤቷ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ በየቀኑ በሰርቪስ ትመላለሳለች። ጅዳ ልትሄድ ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ደላላውም ቀን ቆርጦላታል። ለጠየቃት ሁሉ «እሄዳለሁ» ትላለች። አባቷ፣ አባባ ይማም፣ ድሮ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዛሬ ቤት ናቸው። ልጅቱ የምትፈልገው አባቷ «አትሂጂ» እንዲሏት ነው። እሳቸው አይሉም፤ እሷም አትጠይቅም። ቃለ ምልልሱ ውስጥ ይህ ፍላጎት አንድም ቦታ አይነሳም። የሚሸከመው ሙዚቃው ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሙዚቀኛ ከመጥራታችሁ በፊት ለዋናው ገጸ ባህሪ ሦስት መስመር ጻፉ፦ እፈልጋለሁ የሚለው ምንድን ነው? የእውነት የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚፈራውስ?

ለዘሀራ እንዲህ ይሆናል። «ሄጄ የቤቱን ቆርቆሮ አስቀይራለሁ» ትላለች። አባቷ እንዲያስቀሯት ትፈልጋለች። አባቷ ዝም ያሉት ገንዘቡን ፈልገው እንዳይሆን ትፈራለች።

የመጀመሪያው መስመር ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ በአፏ ትለዋለችና። ሙዚቃው የሚሠራው ለሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሙዚቃ የማይገባበትን ቦታ ያሳያችኋል፤ ፍርሃቷ ጎልቶ በሚወጣበት ትዕይንት ላይ ጸጥታው ይበልጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በፍላጎት ፈንታ ስሜት መጻፍ። «ዘሀራ አዝናለች» የሚል ወረቀት ይዛችሁ «አንድ አሳዛኝ ነገር ሥራልኝ» ካላችሁት፣ ሙዚቀኛው ትዝታ ይሠራላችኋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ኀዘን አቅጣጫ የለውም። ፍላጎት ግን ወደ አንድ ሰው ወይም ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ዜማም መነሻና መድረሻ ስላለው ያንን አቅጣጫ መከተል ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ የሰው ስም ወይም የሚጨበጥ ነገር ከሌለ መልሳችሁ ጻፉት።

2. የገጸ ባህሪውን ጆሮ መዝግቡ

ማንነት በሙዚቃ የሚታየው ገጸ ባህሪው «ምን ይሰማል» በሚለው ብቻ አይደለም፤ እንዴት ይሰማል የሚለው ይበልጣል። አንድ ገጽ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ራሷ የምትመርጠው፣ የሚጫንባት፣ የምትደብቀው።

ዘሀራ ራሷ የምትመርጠው በሰርቪስ ውስጥ በአንድ ጆሮዋ ብቻ የምትሰማው የስልክ ዘፈን ነው። አንድ ጆሮዋን ክፍት የምትተወው ጓደኞቿ ሲጠሯት እንድትሰማ ነው፤ ይህች ትንሽ ነገር ለብቻዋ መሆን የማትችል ሰው መሆኗን ትናገራለች። ዘፈኑን አታስጨርስም፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የሚጫንባት ደግሞ ብዙ ነው፦ የባጃጁ ስፒከር፣ ከሱቅ በራፍ የሚወጣው ሙዚቃ፣ ማታ ከጎረቤት ሐድራ (መንዙማ ከሚባልበት የጸሎት ስብስብ) የሚሰማው መንዙማና ድቤ። የምትደብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ የሚያንጎራጉሯት የሾፌርነት ዘመን ዜማ። ልብስ ስታጥብ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፤ ግን መጨረሻውን አታውቀውም። አባቷ ሁልጊዜ እሷ ስትገባ ያቋርጡታል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም። ይህቺን ያዙ፤ የፊልሙ ሙዚቃ በሙሉ የሚገነባው በዚች ላይ ነው።

ዓምዶቹን ስትሞሉ መለያ ከመለጠፍ ተጠንቀቁ። ዋሽንት ሲሰማ ገጠር፣ ማሲንቆ ሲሰማ ድሮ፣ መንዙማ ሲሰማ «እዚህ ቤት ሙስሊም አለ»፦ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሰውየውን ሳይሆን ሰፈሩን ነው የሚናገረው። በተለይ ወሎ ላይ ይህ አካሄድ ውሸት ይሆናል። በአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ዘመድ አለ፤ መንዙማ የሚያንጎራጉር ክርስቲያን፣ ለጥምቀት ዘፈን የምታጨበጭብ ሙስሊም ማንንም አይገርምም። መለያው የሚጠቅመው ሲሰበር ነው። መንዙማ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ግጥሙን የሚያውቅ ሰው አስቀምጣችሁ ቃል በቃል አስተርጉሙ፤ ውዳሴውን መሐል ላይ አትቁረጡት፤ ቀልድ ባለበት ወይም መጠጥ ባለበት ትዕይንት ሥር አታስገቡት። ለሰሚው ጸሎት ነው። እንደ ጌጥ ካስቀመጣችሁት ደግሞ መጀመሪያ ፊልሙን የሚዘጋው የአካባቢው ተመልካች ነው።

3. ሙዚቃውን ማን እንደሚሰማው ወስኑ

እያንዳንዱን የሙዚቃ ቁራጭ ከሁለቱ በአንዱ መድቡት። አንደኛው በትዕይንቱ ውስጥ ያለው ነው፤ ከስልክ፣ ከባጃጅ፣ ከሰው አፍ ይወጣል፤ ገጸ ባህሪዋ ትሰማዋለች። ሁለተኛው ተመልካች ብቻ የሚሰማው ማጀቢያ ነው። የመጀመሪያው ማንነትን ያሳያል፤ ምርጫ ስላለበት። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ፍላጎት በጣም የሚታየው ግን አንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ሽግግሩ በተግባር እንዲህ ይሠራል። ዘሀራ ሰርቪስ ውስጥ ናት፤ መኪናው ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ዘፈኑ ከስልኳ ይሰማል። የስልክ ድምፅ እንዲመስል ከ400 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅና ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቁረጡ፤ ሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የሚሰማ) አድርጉት። እሷ መስኮቱን ስታይ ማጣሪያውን በ3 ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፤ ድምፁ ወደ ስቴሪዮ (ወደ ግራና ቀኝ) ይስፋ፤ የሞተሩ ድምፅ በዚያው ልክ ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዝቅ ይበል። አሁን ዘፈኑ ከስልኳ ወጥቶ በውስጧ ሆኗል። ሲመለስ ግን በ3 ሰከንድ አትመልሱት። አንድ ሰው ስሟን ሲጠራ በአንድ ፍሬም (በአንዲት የፊልሙ ምስል ርዝመት) ይቆረጥ፤ ሞተሩ ባንዴ ይመለስ። ከምኞት የሚወጣው በድንገት ነው።

ከግድግዳ ማዶ ለሚሰማ ሙዚቃ ሌላ አሠራር አለ፦ ከ800 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ፤ የከበሮው ምት ብቻ ይሰማ፤ ቃላቱ ይጥፉ። የጎረቤት ሐድራ በዚህ መልክ ቢሰማ ይበቃል። ቃላቱ ግልጽ ከሆኑ ተመልካች ወደ ግጥሙ ይሄድባችኋል፤ ዘሀራን ይረሳታል።

4. ቅኝቱን ለገጸ ባህሪው ምረጡ

ቅኝት ዜማ የሚሠራባቸው አምስት ድምፆች ስብስብ ነው። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ናቸው። ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ቦታ ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ በድሮው የአሰብ መንገድ ላይ። ከዶ ቢነሱ ድምፆቻቸው እነዚህ ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፦ ትዝታ (ሜጀር) ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ትዝታ (ማይነር) ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶ፣ ላ ፍላት። ባቲ (ሜጀር) ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ለኔ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ ፍላት፣ ላ።

«ትዝታ ለኀዘን፣ ባቲ ለደስታ» የሚለውን ቀመር እርሱት። በትዝታ ቅኝት የሚጨፈርበት ዘፈን ሞልቷል። ቅኝት ለፊልም የሚጠቅመው በማረፊያው ነው፤ ዜማው የት ሲያርፍ «ደረስኩ» ይላል?

ለዘሀራና ለአባቷ አንድ ግሩም አጋጣሚ አለ። ትዝታ ማይነርን ከዶ ተነሥታችሁ ስትጫወቱ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶ፣ ላ ፍላት ናቸው። አሁን አምባሰልን ከዶ ሳይሆን ከሶ ጀምሩት፦ ሶ፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው! የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው፤ አንዱ ዶ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ሶ ላይ። ክራሩ ዳግመኛ ሳይቃኝ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። አባትና ልጅ በአንድ ድምፅ እየተናገሩ የሚያርፉበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ለዘሀራ ትዝታ ማይነር፣ ለአባባ ይማም አምባሰል ስጧቸው።

ይህን ያልተረዳ ሙዚቀኛ አባትየው ሲመጡ ቁልፉን ሁለት ድምፅ ከፍ አድርጎ ሌላ ዜማ ያመጣል። ለጆሮ ያምራል፤ ዝምድናው ግን ይጠፋል።

5. መለያ ዜማውን ሳትጨርሱ ሥሩት

የገጸ ባህሪ መለያ ዜማ አጭር መሆን አለበት፤ ከአምስት እስከ ስምንት ድምፅ። መመዘኛው ቀላል ነው፦ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማንጎራጎር ይችላል ወይ? ካልቻለ ረዝሟል።

የዘሀራ፦ ሶ፣ ላ ፍላት፣ ሶ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ። እዚህ ይቆማል። ሬ ላይ ተንጠልጥሎ ዶ ላይ አያርፍም። ጆሮ የቀረውን አንድ ድምፅ ይጠብቃል፤ ያ መጠበቅ ነው ፍላጎቷ።

የአባባ ይማም ማብቂያ፦ ዶ፣ ላ ፍላት፣ ሶ። ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሶ ላይ ቁጭ ይላል። እሳቸው አሰብ ድረስ ሄደው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ዜማቸውም ቤቱን ያውቃል።

ሁለቱን ግጠሟቸው፦ ሶ፣ ላ ፍላት፣ ሶ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ፣ ከዚያ ዶ፣ ላ ፍላት፣ ሶ። የልጅቱ ዜማ የሚጨርሰው በራሷ ማረፊያ ሳይሆን በአባቷ ማረፊያ ነው። ተመልካቹ ስለ ቅኝት አንዲት ቃል ባያውቅ እንኳ መግጠሙ ይሰማዋል።

በ12 ደቂቃ ውስጥ ይህ ዜማ አራት ጊዜ ይምጣ፤ አምስተኛው ይበዛል። መጀመሪያ በሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ ዘሀራ ራሷ ልብስ እያጠበች፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ እንደ ዋዛ። ሁለተኛ አባቷ ሲያንጎራጉሩት፤ በር ሲከፈት ይቋረጣል። ሦስተኛ በሰርቪስ ውስጥ፣ በማሲንቆ፣ እንደ ማጀቢያ፤ አሁንም ሬ ላይ ይቆማል። አራተኛው መጨረሻ ላይ ሙሉው ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት ጊዜ ከደገማችሁት ተመልካቹን አላመናችሁትም ማለት ነው።

ስለ ፍጥነት፦ በሰከንድ በ25 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ በደቂቃ 75 ምት ያዙ። አንድ ምት ልክ 20 ፍሬም ይሆናል፤ ኤዲቲንጉ ላይ ሒሳቡ አያስቸግርም። በ24 ፍሬም ከሆነ 72 ምት ያው 20 ፍሬም ይሰጣችኋል። ማንጎራጎሩን ግን በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) አታስሩት፤ ሰው ልብስ ሲያጥብ ምት የሚጠብቀው ከእጁ ነው።

6. መግቢያውንና መውጫውን ከንግግሩ አላቁት

አንድ ትዕይንት በቅርብ እንይ። ማታ ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አባባ ይማም መደብ ላይ ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ። ዘሀራ ፖስታ ይዛ ትገባለች።

«አባባ፣ ሰውየው ሐሙስ ብሏል።»

ዝምታ።

«አብሽሪ።»

ያልሠለጠነ እጅ እዚህ ላይ የሚያደርገው ይታወቃል፤ «ሐሙስ» ከሚለው ቃል ሥር ዋሽንት ይለቃል። አትልቀቁ። ትክክለኛው አሠራር ተቃራኒው ነው። ሙዚቃው ከንግግሩ በፊት ነበር፤ የአባትየው እንጉርጉሮ ነው። እሱ መቆም ያለበት «ሐሙስ» ሲባል ሳይሆን በሩ ተከፍቶ ፖስታውን ሲያዩ ነው፤ ከንግግሩ 1 ሰከንድ በፊት። ከንግግሯ በኋላ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ የክፍሉ ድምፅ ብቻ፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የከሰሉ መንጣጣት። «አብሽሪ» ካሉ በኋላም ምንም አይግባ። ቃሉ ማጽናኛ ነው፤ ግን «አትሂጂ» አይደለም። ልጅቱ የጠበቀችው ሌላ ቃል እንደነበር ተመልካቹ የሚያውቀው በተቋረጠው ዜማ ነው።

ማጀቢያው የሚገባው በሚቀጥለው ትዕይንት፣ ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ሕጉ ይህ ነው፦ ሙዚቃ የሚገባው ፍላጎቱ በጣም በበረታበትና ገጸ ባህሪው ምንም ማድረግ በማይችልበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ሳለች መናገር ትችል ነበር፤ መኪናው ውስጥ አትችልም። የመጀመሪያውን ድምፅ ከምስሉ መቁረጫ 12 ፍሬም አስቀድማችሁ አስገቡት፤ ጸጥታው ከቤት ወደ መኪና ሲሻገር ዜማው ይዞት ይመጣል። መቁረጫው ላይ ልክ ካስገባችሁት ማስታወቂያ ይመስላል።

የሙዚቃው ጠቅላላ ርዝመት ለ12 ደቂቃ ፊልም ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኪቦርድ የሚጮህበት ፊልም ስንት አየን! ሙዚቃ ያልቆመበት ቦታ ላይ የሙዚቃ መቆም ትርጉም አይኖረውም፤ የአባትየውን ዝምታም ማንም ሳያስተውለው ያልፋል።

7. ቀረጻ

ቀረጻው ሁሉ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ይሁን። ከፍተኛው ድምፅ ከ −12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ ቦታ ተዉለት። በየቦታው የክፍሉን ባዶ ድምፅ 60 ሰከንድ ቅዱ፤ ያለሱ ከላይ ያለው የ4 ሰከንድ ጸጥታ አይሠራም። ድምፅ በሌለበት የተቆረጠ ጸጥታ የተበላሸ ፋይል ይመስላል።

ዋሽንት ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዋሽንተኛውን ጠይቁ። ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ በሸምበቆው ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ሊቃኝ አይችልም፤ ተጫዋቹ ያለው የትኛው ርዝመት ነው? ክራሩም ማሲንቆውም ለእሱ ይቃኛሉ። ይህን የገለበጠ ሰው ኪቦርድ ላይ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሚገጥም ዋሽንት ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት አታድርጉ፤ ትንፋሹ ይገባል። ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ወደ ጣቶቹ አቅጣጫ አዙሩት።

ማሲንቆ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፤ ማይኩ ወደ ቆዳው ያይ እንጂ ጭራው ክሩን ወደሚነካበት አይሁን፤ መፋተጉ ይበዛልና። ክራር ከ30 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ከበሮ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ።

የደሴን አየር አትርሱ። በክረምት ጉሙና እርጥበቱ ቆዳ ያላላል፤ የማሲንቆና የክራር ድምፅ ይደክማል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ከበሮና ማሲንቆ ከቀረጻ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ራቅ ብሎ ይሙቅ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ወደ 600 ሜትር ይበላለጣሉ፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ደሴ የተቃኘ ክራር እዚያ ሲደርስ ይቀየራል። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ እንደገና ቃኙት፤ በየቀረጻው መሐልም በስልክ ቲዩነር ፈትሹት። ጠዋት ደሴ የተቀዳውንና ከሰዓት ኮምቦልቻ የተቀዳውን ለማጋጠም የሞከረ ሁሉ የሚያማርረው በዚህ ነው።

ተዋናዮቹ የሚያንጎራጉሩትን በቀረጻው ቦታ ላይ ቅዱ፤ ስቱዲዮ ገብተው እንዲደግሙት አታድርጉ። የአፍ እንጉርጉሮ ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት እወቁ። ከሩቅ የሚሰማ አዛን ንግግር ሥር ከገባ በኋላ ትዕይንቱን መቁረጥ አትችሉም፤ እያንዳንዱ መቁረጫ ላይ ይዘላል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ችግሩ የዋናው መንገድ ከባድ መኪና ነው፤ ማለዳ ከ12 ሰዓት በፊት ቅዱ።

8. ሚክሲንግ

ማሲንቆ የሰው ድምፅ ይመስላል፤ ውበቱም ችግሩም ይኸው ነው። ንግግር ሥር ካስገባችሁት ተመልካች ሁለት ሰው ባንዴ የሚናገር ይመስለዋል። ስለዚህ ማሲንቆ ከንግግር ጋር አይደረብ፤ በንግግሮች መሐል ይግባ። የግድ ሥሩ መሆን ካለበት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ክፍል ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ቀንሱለት፤ ቃል የሚለየው በዚያ ክልል ነው። ክራር ከሥር ቢሆን ይሻላል፤ ድምፁ ወዲያው ስለሚሞት ለቃሉ ቦታ ይለቃል።

ንግግር ባለበት ሙዚቃው ከንግግሩ ከ15 እስከ 18 ዴሲቤል ይነስ። ለዩቲዩብ ከሆነ ጠቅላላው ወደ −14 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ (የመላው ፊልም አማካይ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጠጋ፤ ጫፉ ከ −1 ዴሲቤል አይለፍ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኘው ቅጂ ውስጥ ያለው የድምፅ ክፍል ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

9. መብት

ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው የሕዝብ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የከዋኙና የድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የየራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ዘሀራ በስልኳ የምትሰማውን ታዋቂ ዘፈን ለ10 ሰከንድም ቢሆን ያለ ፈቃድ አትጠቀሙ። «ከ10 ሰከንድ በታች ችግር የለውም» የሚባለው ወሬ ነው። ርካሹ መንገድ የራሳችሁን የስልክ ዘፈን ማሠራት ነው፤ ሦስት ስንኝና አዝማች ይበቃል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ታልፈዋለችና። ከሙዚቀኞቹ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፦ ለየትኛው ፊልም፣ የት የት ይታያል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ እንዴት ይጻፋል።

10. ፈተና

ፊልሙን ታሪኩን ለማያውቁ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች አሳዩ። «ሙዚቃው እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዟቸው «ቆንጆ ነው» ይሏችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ልጅቱ የፈለገችው ምን ነበር?

«አሳዘነችኝ» ካሉ ሙዚቃው ስሜት እንጂ ፍላጎት አልያዘም፤ ወደ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ተመለሱ። «ጅዳ መሄድ» ካሉ ዜማው ከአባትየው ጋር አልተያያዘም፤ ሁለተኛውን መምጣት፣ በር ሲከፈት የሚቋረጠውን፣ በ2 ሰከንድ አስረዝሙትና ካሜራው አባትየው ላይ ይቆይ። «አባቷ እንዲያስቀሯት» ካሉ ደርሳችኋል፤ ግን መቼ እንደገባቸው ጠይቁ። በቡናው ትዕይንት ላይ ወይም በሰርቪሱ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ የልብስ ማጠቡ እንጉርጉሮ በጣም ጎልቷል፤ በ6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት፤ ውኃው ይሸፍነው።

ከዚያ ያንኑ ፊልም ያለ ድምፅ ለሌሎች ሁለት ሰዎች አሳዩ። እነሱም ያንኑ መልስ ከመለሱ ተዋናይዋ በፊቷ እየተናገረች ነው፤ ሙዚቃውን ከመቀነስ በፊት ትዕይንቱን እንደገና ኤዲት አድርጉ፤ የፊቷን ቅርብ ምስል አሳጥሩ።

መጨረሻ ላይ በርካሽ ስልክ ስፒከር ስሙት፤ አብዛኛው ሰው የሚያየው በእሱ ነውና። ከ200 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ከበሮው አይሰማም፣ የክራሩ ወፍራም ክርም ይደክማል። የዜማው ማረፊያ ሶ በወፍራሙ ክር ብቻ ከተያዘ ስልክ ላይ አይሰማም፤ በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ በማሲንቆ ድገሙት።